አስጫኝ ነጋዴ ማጓጓዣውን በምን ይመርጣል?

አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ሊያስጭን ሲነሣ በፊቱ ብዙ ዓይነት ማጓጓዣ ይገኛል። የጭነት መኪና አለ፤ ምድር ባቡር አለ፤ መርከብ አለ፤ አይሮፕላን አለ፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌም በቅሎ፣ አህያና ግመል ዛሬም ከሥራቸው አልወጡም። ታዲያ ከነዚህ ሁሉ አንዱን መርጦ ሌላውን የሚተወው በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ በመንገድ ላላፊው ሰው ብናቀርብ አብዛኛው «ኪራዩ የሚረክሰውን ነዋ!» ብሎ ይመልስልናል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። የሚታየው ኪራይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጽጌረዳ አበባ በአይሮፕላን ተጭኖ ወደ አውሮፓ ባልሄደ፤ ከጅቡቲ ወደ አገራችን የሚገባውም ዕቃ ሁሉ በባቡር በመጣ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አስጫኙ ከኪራዩ ሌላ ምን ምን እንደሚቈጥር ማሳየት ነው። ነገሩ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ከውጭ የምናስመጣውም ሆነ ወደ ውጭ የምንልከው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ በምንጽፍበት ደብተርና በምንበላው ዘይት ዋጋ ውስጥ ይህ ምርጫ ተደብቆ ይገኛል። ገበሬው ዘንድ ሲደርስማ ነገሩ የሳንቲም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመኸር ጉዳይ ይሆናል፤ እርሱን በስተመጨረሻው እናነሣዋለን።

በመጀመሪያ የማጓጓዣዎቹን ጠባይ በአጭሩ እንመልከት። የባቡር መንኰራኵር ብረት ነው፤ የሚሄድበት ሐዲድም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው እንቅፋት ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል ከሚገጥመው በብዙ እጅ ያነሰ ስለ ሆነ አንድ ሞተር ብዙ ፉርጎ ሊጐትት ይችላል። መርከብንም ውሃው ራሱ ስለሚሸከምለት በዝግታ ከሄደ እጅግ ብዙ ጭነት በጥቂት ነዳጅ ያደርሳል። አይሮፕላን ግን የራሱንም የጭነቱንም ክብደት በአየር ላይ አንሥቶ መያዝ ስላለበት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙ ነው።

ልዩነቱ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ትልቅ መርከብ 60,000 ቶን ማዳበሪያ ይዞ ጅቡቲ ደረሰ እንበል። ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና 40 ቶን ቢጭን ያንን ሁሉ ለማንሣት 1,500 መኪና ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 60 ቶን የሚይዙ 30 ፉርጎዎች የሚጐትት ባቡር ቢሆን በአንድ ጊዜ 1,800 ቶን ስለሚወስድ 34 ጉዞ ይበቃዋል። ቦይንግ 777 የተባለው የጭነት አይሮፕላን ደግሞ 100 ቶን ያህል ስለሚያነሣ 600 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ይህም ለማዳበሪያ የማይታሰብ ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አስጫኙ የሚያስበው ጊዜን ነው። በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነውና። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያ ቡና፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። ቡናው 10,000,000 ብር ያወጣል፤ ነጋዴውም ይህን ገንዘብ በመቶ 15 ወለድ ከባንክ ተበድሮታል ብንል የዓመቱ ወለድ 1,500,000 ብር፣ የአንዱ ቀን ወለድ ደግሞ 4,110 ብር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ቡናው በመጋዘን ወይም በመንገድ 10 ቀን ቢዘገይ 41,100 ብር ማንም ሳያየው ከነጋዴው ኪስ ይወጣል። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው 100,000 ብር የሚያወጣ ጨው ቢሆን ኖሮ ግን የቀኑ ወለድ 41 ብር ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ የቡና ነጋዴ ዐሥር ቀን ቀድሞ ለሚያደርስለት ማጓጓዣ እስከ 41,100 ብር ድረስ ጨምሮ ቢከፍል አልተሞኘም፤ የጨው ነጋዴ ግን ለዚያው ፈጠን ማለት ከ410 ብር በላይ ቢከፍል ተሞኝቷል።

ይህ ከሆነ ቡናው ለምን በአይሮፕላን አይሄድም? ያንኑ ስሌት እንቀጥል። በባሕር መሄዱ 30 ቀን ያዘገየዋል ብንል የሚጠፋው ወለድ 123,300 ብር ነው። የአይሮፕላኑን ኪራይ በኪሎ 150 ብር ብቻ ነው ብለን ብናስብ እንኳ ለ19,200 ኪሎ 2,880,000 ብር ይመጣል። ስለዚህ ጥሬ ቡና ይታገሣል፤ በደረቅ ስፍራ በደንብ ከተያዘ ለጥቂት ሳምንታት ምንም አይሆንም።

የማይታገሡ ዕቃዎች አሉ። ስለ ጫት ጕዳትና ጥቅም መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ማጓጓዝ ለመማር ግን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ካለፈው ኃይሉ ስለሚደክም ገዢ ያጣል። ዛሬ 1,000 ብር ያወጣ እስር ከነገ ወዲያ ለፍየል የሚጣል ነው። ስለዚህ ሐረርጌ ውስጥ በአወዳይ ገበያ የተሸጠው ጫት እርጥበቱን እንዲጠብቅ ተጠቅልሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ጅቡቲና ወደ ሱማሌ አገር ይከንፋል። ነጋዴው የሚጠይቀው «በስንት ታደርስልኛለህ?» ብሎ ሳይሆን «በስንት ሰዓት ታደርስልኛለህ?» ብሎ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ዓደን ጫት በአይሮፕላን ይጫን ነበር። በዚያ ዘመን ከአዝመራው ባለቤቶች መካከል አይሮፕላን የተሳፈረ አንድም ሰው ለማግኘት ባስቸገረ፤ ቅጠላቸው ግን ባሕር ተሻግሮ ይበር ነበር።

የአበባው ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አንድ የሚጨመርበት ነገር አለ። በሆለታ፣ በባቱና በቢሾፍቱ አካባቢ የሚቈረጠው ጽጌረዳ ወዲያውኑ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ቦሌ ደርሶ በአይሮፕላን ወደ ቤልጅግና ወደ ሆላንድ ይሄዳል። እዚህ ላይ መኪናው የአይሮፕላኑን ያህል ዋጋ አለው። ማቀዝቀዣው በመንገድ ላይ ለጥቂት ሰዓት ቢበላሽ አበባው መከፈት ይጀምራል፤ የአይሮፕላኑም ፍጥነት ያንን ሊመልሰው አይችልም። ደግሞም አበባ ቀላል ሲሆን ቦታ ይፈጃል። የአየር መንገድ ኩባንያዎች አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የያዘ ዕቃ ቢያንስ 167 ኪሎ እንደሚመዝን አድርገው ያስከፍላሉ። ስለዚህ አበባ ላኪው ሣጥኑን አጥብቆ ማሸግ የሚያስተምረው ሠራተኛ ቢቀጥር ደመወዙ ከኪራዩ ሊወጣለት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአንዱ በግ ሁለት መንገድ ነው። በጉ በሕይወቱ ሳለ የሚሸጥ ከሆነ ከቈላው አገር በእግሩ ወይም በመኪና ተነድቶ እስከ ወደብ ይወርድና ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ይሻገራል። በእግሩ የሚሄድ ጭነት ኪራይ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በየቀኑ ከሥጋው ይቀንሳል። ነጋዴውም የሚያመዛዝነው የመኪናውን ኪራይና በጉ በእግሩ ሲሄድ የሚጥለውን ኪሎ ነው። ያው በግ በሞጆ ወይም በቢሾፍቱ ቄራ ከታረደ ግን ወደ ባሕር የሚያደርሰውን መንገድ ትቶ ሥጋው ቀዝቅዞ በአይሮፕላን ወደ ዱባይና ወደ ጅዳ ይሄዳል። ሕይወት ያለው በግ ሣር እስካገኘ ድረስ ሳምንታት ይቈያል፤ በረዶ ያልሆነ ትኵስ ሥጋ ግን ቀኑ የተቈጠረ ነው። ይህንስ ቢሆን በጉ በሙሉ ቢበር ኖሮ ኪራዩን ማን ይችለዋል? ቆዳው፣ ጭንቅላቱና አንጀቱ እዚሁ ስለሚቀር የሚከፈለው ለሚበላው ሥጋ ብቻ ነው። በጉ መንገዱን የለወጠው ቄራው ክብደቱን ስለ ቀነሰለትና የኪሎውን ዋጋ ከፍ ስላደረገለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ማጓጓዣው ሁልጊዜ ይገኛል ብለን ነው። በእውነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ መንገድም አለ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ይኸውም ጋምቤላ ነው። ከካርቱም የተነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዝ አድርገው እስከ ጋምቤላ ይወጡ ነበር። የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ በብዙ ሳምንት ጉዞ ወደ አዲስ አበባ ከመውሰድ ይልቅ ወደ ጋምቤላ ቈልቁሎ ለመርከብ ማስረከብ ይቀለው ነበር። ኪራዩም ርካሽ ነበረ።

ዳሩ ግን ወንዙ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ሲሞላ ነው። ቡና ደግሞ በዚያ አገር የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቡናው ሲደርስ ወንዙ ይጐድላል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ቡናው በመጋዘን ብዙ ወራት ቈይቶ ይገኛል። ርካሹ መንገድ ይህን ያህል ጥበቃ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ገንዘብ ያለው ትልቅ ነጋዴ ይጠቀምበታል፤ ገንዘቡ በቶሎ እንዲመለስለት የሚፈልገው ትንሹ ነጋዴ ግን አይችለውም ነበር። የጋምቤላው የንግድ ስፍራ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ ቈይቶ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

የጅማው ቡና ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የነበሩት አይሮፕላኖች ዳኮታ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ አይሮፕላኖች መንገደኛውን በግድግዳው ጥግ ባለ ረጅም ወንበር አስቀምጠው በመካከል ዕቃ ይጭኑ ነበር፤ ከጅማም ቡና ያመላልሱ ነበር። ቡና አይበርም ብለን ከላይ ከተናገርነው ጋር ይህ እንዴት ይስማማል? ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያን ጊዜ የጅማው መንገድ ተበላሽቶ በክረምት መኪና በጭቃ ተይዞ ይቀር ስለ ነበረ አይሮፕላኑ የሚወዳደረው ከደኅና መንገድ ጋር አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶችን ማደስ ከጀመረ በኋላ ቡናው ተመልሶ ወደ መኪናው ወረደ። የአይሮፕላኑ ኪራይ ተወደደ የተባለው መንገዱ በመታደሱ ነው እንጂ አይሮፕላኑስ ያው ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር፣ ወደ ባቡርና ወደ ጭነት መኪና እንግባ። በ1886 ዓ.ም. በተሰጠ ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቀድሞ የሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት የሚፈጅበትን መንገድ ባቡሩ በጥቂት ቀን አደረሰው። ለብዙ ዓመት ተወዳዳሪ አልነበረውም። በኋላ ግን የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ሲሻሻል የጭነት መኪና ከባቡሩ እጅ ብዙ ዕቃ ወሰደ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ንግዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሮጌው ባቡር ግን በዚያን ጊዜ ደክሞ ስለ ነበረ ዕድሉን የተጠቀመበት መኪና ነው። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ሐዲዱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና በገላፊ በኩል የሚወስደው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አዲሱ ባቡር አጭር መንገድ አለው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጭናል፤ ነዳጅ አይፈልግም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ዛሬም የበለጠውን ጭነት የሚያመላልሰው መኪና ነው። ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት ባቡር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንጂ ከደጅ ወደ ደጅ የማይሄድ መሆኑ ነው። ለመማሪያ ያህል ብቻ ያሰብናቸውን ቍጥሮች እንውሰድ። አንድ ነጋዴ ብረት ከጅቡቲ ወደ ባሕር ዳር ያስጭናል። በመኪና በቀጥታ ከሄደ ኪራዩ በኩንታል 400 ብር ነው። በባቡር ከሆነ እስከ እንዶዴ ጣቢያ 180 ብር፤ እዚያ አውርዶ መልሶ ለመጫን 40 ብር፤ መኪና እስኪገኝ ለመጋዘን 30 ብር፤ ከእንዶዴ ባሕር ዳር 170 ብር፤ በጠቅላላው 420 ብር ይሆናል። ባቡሩ በመንገዱ ላይ በግማሽ ዋጋ ከሄደ በኋላ በጣቢያው ተሸነፈ። ፋብሪካው እንዶዴ አጠገብ ገላን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን የባቡሩ 180፣ የማውረድና የመጫኛው 40፣ የአጭሩ መንገድ መኪና 30፣ በድምሩ 250 ብር ነው፤ መኪናው ለዚያው 300 ብር ቢጠይቅ ባቡሩ አሸነፈ ማለት ነው። ዕቃው አንድ፣ ወደቡ አንድ፣ ባቡሩም አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ የተለወጠው መጋዘኑ ባለበት ስፍራ ምክንያት ነው። በጣቢያ አጠገብ ፋብሪካ የሚተክል ሰው ማጓጓዣውን የመረጠው ግንቡን ሳይጀምር ነው።

የማውረድና የመጫን ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከሌላ አገር አንድ ምስክር እናምጣ። በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ ላይ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት የተበታተነ ዕቃ በሰው ጕልበት መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ያህል ይፈጅ ነበር፤ በሣጥኑ ሲሆን 16 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ኮንቴይነር የሚባለው ነገር ዓለምን የያዘው እንዲህ ነው። ሰውየው የመርከብ ሰው አልነበረም፤ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነበር። ምናልባትም ለዚህ ነው በወደብ ደጃፍ የሚባክነውን ጊዜ ከመርከበኞቹ አስቀድሞ ያየው።

ዛሬ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነር በውጭ አገር እንደ ተዘጋ በአንድ ውል እስከዚያ ይደርሳል። በዚህ አሠራር ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ባቡር ይሁን መኪና ብሎ የሚወስነው አጓጓዡ ድርጅት ነው እንጂ ነጋዴው አይደለም። ነጋዴው የሚያሳስበው ባዶውን ኮንቴይነር በቀኑ መመለስ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ለባለ መርከቡ በየቀኑ በውጭ አገር ገንዘብ ይከፈላልና።

ሁለተኛው ምክንያት የጭነቱ ብዛት ነው። 400 ኩንታል ያለው ሰው አንድ መኪና ሞልቶ በዚያው ማታ መነሣት ይችላል። ባቡሩ ግን ብዙ ፉርጎ እስኪሞላና ሰዓቱ እስኪደርስ ይቈያል። ደግሞም መኪናው ሹፌር አለው፤ ሹፌሩም ስልክ አለው። ነጋዴው «የት ደረስክ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ገንዘቡ በመንገድ ላይ ላለ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። አደጋውም በሁለቱ ዘንድ ልዩ ልዩ ነው። መኪና በአፋር በረሃ ቢገለበጥ የሚጠፋው የአንድ መኪና ዕቃ ነው። ባቡሩ ከብት ወይም ግመል ቢገጭ፣ ወይም ሌቦች ከመሥመሩ ሽቦ ቢቈርጡ፣ በስተኋላ ያለው ባቡር ሁሉ ይቆማል። ከዚህ የተነሣ አስተዋይ ነጋዴ የዘወትሩን ዕቃ በርካሹ፣ ለነገ የሚፈለገውን በሚታመነው ያስጭናል።

ሦስተኛው የመልስ ጭነት ነው። ከውጭ የምናስገባው ዕቃ በክብደት ከምንልከው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪና ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፤ ባዶ መኪና ደግሞ ነዳጁን ያው ያቃጥላል። ባለ መኪናው የመልሱን ወጪ አስቦ ለመውጫው አስወድዶ ያስከፍላል፤ ለመውረጃው ግን ያገኘውን ይወስዳል። ጥራጥሬ ወይም ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ርካሽ ኪራይ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱ መንገድ ላይ ሽቅቡና ቍልቍሉ ሁለት ዋጋ አለው ማለት ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተናገርነው ወደ ማዳበሪያው እንመለስ። ማዳበሪያ ከባድ ነው፤ ብዙ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከሌላው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር የኪሎው ዋጋ ትንሽ ነው። እነዚህ ሁሉ ለባቡር የሚስማሙ ጠባዮች ናቸው። የሚሄድበት ስፍራ ግን ለባቡር አይስማማም፤ በየወረዳው ተበታትነው ወደሚገኙ የገበሬዎች ማኅበራት መጋዘኖች ነውና። ለምሥራቅ ሸዋና ለአርሲ የሚሆነውን ሐዲዱ በሚያልፍበት በአዳማ በኩል ማውረድ ያመቻል። ለወሎ የሚሆነውን ግን ከጅቡቲ የመጣው መኪና ሚሌ ላይ ታጥፎ በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ ማውጣቱ ይቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። ማዳበሪያው በብትኑ በመርከብ መጥቶ በወደቡ ላይ በከረጢት ይሞላል። መኪናና ባቡር ቶሎ ካላነሡት መርከቡ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለ ቆመበትም በቀን በዶላር ይከፈለዋል። ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ወደ ማዳበሪያው ሲዞር ደግሞ የብረቱና የስንዴው ተራ ይጓደላል። ይህ ሁሉ ግን በገንዘብ የሚተመን ነው።

ቡናው ሲዘገይ በቀን 4,110 ብር እንደሚያጠፋ አይተናል፤ ኪሳራው በየቀኑ እኩል እኩል ይጨምራል። ጫት በሁለት ቀን ያልቃል። ማዳበሪያ ግን ከሁለቱም ልዩ ነው። በየካቲት 10 ቀን ቢዘገይ ገበሬው አያውቀውም፤ በመጋቢትም ግድ የለውም። የዘር ወቅት በሆነው በሰኔና በሐምሌ 10 ቀን ቢዘገይ ግን ከዘሩ ጋር አብሮ በመሬት ውስጥ መግባት የነበረበት ማዳበሪያ ዘሩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ይባስ ብሎ በዚያው ወራት ዝናቡ የወረዳውን መንገድ ስለሚያጨቀየው ጅቡቲ ላይ የጠፋው አንድ ቀን መጋዘኑ አጠገብ ሲደርስ ሦስት ቀን ይሆናል። በነሐሴ የደረሰ ከረጢት ዋጋው በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ነው፤ ለዚያ ዓመት በቆሎ ግን ከአፈር አይሻልም። ስለዚህ ማዳበሪያ የሚያስጭን ሰው በጥር ወር ርካሹንና ዝግተኛውን መንገድ መምረጡ ልክ ነው፤ በግንቦት መጨረሻ ግን ያንኑ ቢመርጥ በኪራይ ያተረፈው ጥቂት ብር የሺህ ገበሬዎችን ምርት ሊበላው ይችላል። አንድ ዕቃ በሁለት ወር ሁለት ልዩ ልዩ ማጓጓዣ ይገባዋል።

ከማኅበሩ መጋዘን እስከ እርሻው ያለውን የመጨረሻ መንገድ የሚመርጠው ገበሬው ራሱ ነው። እንደ አንድ አስጫኝ ያስባል። አይሱዙ ቢከራይ ከጎረቤቶቹ ጋር መዋጮ ያስፈልገዋል፤ እነርሱ ደግሞ በአንድ ቀን ላይስማሙ ይችላሉ። አህያ ካለችው ኪራይ የለበትም፤ ነገር ግን አህያዋን የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ከእርሻ ሥራ ይቀርበታል፤ በሰኔ አንድ ቀን ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ብዙው ገበሬ የገበያውን ቀን ይጠብቃል። በዚያ ቀን ለማንኛውም ወደ ከተማ መውጣቱ ስለማይቀር በጠዋት ጤፉን በአህያዋ ጭኖ ገበያ ያደርስና ከሰዓት በኋላ፣ ባዶዋን ትመለስ የነበረችው አህያ 50 ኪሎ የሚመዝነውን ከረጢት ይዛ ትገባለች።